የግልቢያ ፈረስ ሊጋመንት ሲጎዳ፦ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ሕክምና

ጥያቄ፦ «የ9 ዓመት የተኮላሸ ፈረስ አለኝ፤ ለመሰናክል ዝላይም ለተራ ግልቢያም እጠቀምበታለሁ። ከ6 ሳምንት በፊት ከልምምድ ሲመለስ የግራ የፊት እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በውጭ በኩል አብጦ ያነክስ ነበር። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ የሰስፐንሰሪ ሊጋመንቱ የውጭ ቅርንጫፍ በከፊል መበጠሱን ነገረኝና እንዲያርፍ አዘዘ። በ10 ቀን ውስጥ እብጠቱ ጎደለ፣ ማነከሱም ጠፋ፤ ስለዚህ ከጋጣ አውጥቼ መስክ ላይ ለቀቅሁት። ባለፈው ሳምንት 10 ደቂቃ ያህል በሶምሶማ አስሮጥሁት፤ በማግስቱ በክብ ሲዞር ትንሽ አነከሰ። ከ3 ወር በኋላ ውድድር አለብኝ። የፕሌትሌት መርፌ ቢወጋ ይደርስልኛል? በጋለ ብረት ይተኮስ የሚሉኝም፣ ዓመት ሙሉ መስክ ላይ ተወው የሚሉኝም አሉ። የትኛውን ልከተል?»

ምላሽ፦ ፈረስዎ ለዚያ ውድድር አይደርስም፤ መርፌው ቢወጋም አይደርስም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ጥያቄዎ የቀረበው ፈረሱ ለመዳን ጥቂት ቀርቶታል ከሚል ግምት በመነሣት ስለሆነና ግምቱ ራሱ ትክክል ስላልሆነ ነው። 6 ሳምንት የሞላው የሊጋመንት ቁስል ገና በጅማሬው ላይ ያለ ቁስል ነው። በእንዲህ ያለ የቅርንጫፍ ጉዳት ፈረሱ ወደ ሙሉ ሥራው እስኪመለስ ድረስ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ማሰብ የተለመደ ነው። ከዚህ እጅግ ያነሰ ጊዜ የሚቆርጥልዎ ሰው ካለ ወይ ስለ ሌላ ጉዳት እየተናገረ ነው፣ ወይም ተስፋ እየሸጠልዎ ነው።

የተጎዳው አካል ምን እንደሚሠራ ካልታወቀ ሕክምናው ለምን ይህን ያህል እንደሚረዝም አይገባም። ቴንደን ጡንቻን ከአጥንት ጋር ሲያገናኝ ሊጋመንት አጥንትን ከአጥንት ጋር ያስራል። ሰስፐንሰሪ የሚባለው ሊጋመንት በፊት እግር ላይ ከጉልበቱ ሥር፣ ከረጅሙ የቅልጥም አጥንት የላይኛ ጫፍ በስተኋላ ይነሣና ከቅልጥሙ ግራና ቀኝ በተለጠፉት ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች መካከል ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሲቃረብ ለሁለት ቅርንጫፍ ይከፈልና አንዱ በውስጥ፣ ሌላው በውጭ በኩል ሄዶ ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ በሚገኙት ሴሳሞይድ በተባሉ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ላይ ይተከላል። ፈረሱ ክብደቱን እግሩ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ቁርጭምጭሚቱ ወደ መሬት ይሰምጣል፤ ከልክ አልፎ እንዳይሰምጥ ደግፈው ከሚይዙት ክፍሎች ዋነኛው ይህ ሊጋመንት ነው። በእርምጃ ጊዜ መስመጡ መጠነኛ ነው፤ በሶምሶማ ይጨምራል፤ በፈጣን ግልቢያና ከመሰናክል ወርዶ በሚያርፍበት ቅጽበት ደግሞ ሊጋመንቱ መሸከም ወደሚችለው የመጨረሻ ወሰን ይጠጋል። ከሁለቱ ቅርንጫፎች አንዱ ብቻ ሲጎዳ ጭነቱ ለሁለቱ እኩል እንዳልተከፋፈለ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሰኮናው በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ተከርክሞ፣ ፈረሱ ወጣ ገባ መሬት ረግጦ፣ ወይም በጠባብ ክብ ላይ በፍጥነት ታጥፎ ሊሆን ይችላል።

እብጠት ስለ መዳን የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ቁስሉ የሚድነው በሦስት ደረጃዎች ሲሆን ደረጃዎቹም በከፊል ይደራረባሉ። የመጀመሪያው የብግነት ደረጃ ነው፤ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ደምና ፈሳሽ በተበጠሱት ክሮች መካከል ይጠራቀማል፤ የተበላሸውን የሚያጸዱት ንጥረ ነገሮች ጤነኞቹን ክሮችም ስለሚበሉ ቁስሉ ከተጎዳበት ቀን ይልቅ በሁለተኛው ሳምንት ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ክፍተቱ በአዲስ ኮላጅን፣ ማለትም የሊጋመንት ክሮች በሚሠሩበት ፕሮቲን፣ ይሞላል፤ ነገር ግን ይህ ኮላጅን ደካማው ዓይነት ነው፤ ክሮቹም በየአቅጣጫው የተዘበራረቁ ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ደካማው ኮላጅን ቀስ በቀስ በጠንካራው እየተተካ፣ ክሮቹም ጭነቱ በሚመጣበት አቅጣጫ እየተሰለፉ የሚሄዱበት ሲሆን ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ገና ያልተፈተለ ብዝት ከክር ይልቅ ወፍራም ነው፤ ሲስቡት ግን ወዲያው ይበጠሳል፤ የፈረስዎ ቅርንጫፍ አሁን ያለው እዚያ ላይ ነው። ሕመሙ የሚለቀው በመጀመሪያው ደረጃ ማብቂያ፣ ጥንካሬው የሚመጣው ደግሞ በሦስተኛው ደረጃ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያሉት ወራት ፈረሱ ጤነኛ መስሎ የሚታይባቸው፣ ባለቤቱም የሚታለልባቸው ወራት ናቸው። ሲያበቃ እንኳ የሚቀረው ጠባሳ ከመጀመሪያው ሊጋመንት የበለጠ ደረቅና ያነሰ የመለጠጥ አቅም ያለው ነው፤ ስለዚህ ዳግመኛ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጠባሳው ከጤነኛው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ሲፈልግ ይቆማል፣ ሲደነግጥ ግን ይጋልባል፤ ድንገት ቆሞ ይታጠፋል፤ ለሊጋመንት ከዚህ የከፋ ጭነት ብዙ የለም። በዚያ ላይ 10 ደቂቃ ሶምሶማ ተጨመረበት። ቀጥ ባለ መስመር ሳያነክስ በክብ ሲዞር ማነከሱም የተለመደ ምልክት ነው፤ መታጠፍ በአንዱ ጎን ያለውን ቅርንጫፍ ለብቻው ይወጥረዋልና። ቀላል ማነከስ ስለሆነ ቀላል ጉዳት ነው ማለትም አይደለም። በሊጋመንት ጉዳት የማነከሱ መጠንና የቁስሉ ስፋት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ሰፊ ቁስል ኖሮባቸው ከአንድ ሳምንት በኋላ በእርምጃ ላይ ምንም የማይታይባቸው ፈረሶች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከማንኛውም ሕክምና በፊት አዲስ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራውም እግሩን ዳስሶ ከማለፍ በላይ መሆን አለበት። ሐኪሙ ፀጉሩን ላጭቶ ሁለቱንም የፊት እግሮች በአልትራሳውንድ ይይ፤ በአግድምም በቁመትም። ሁለቱን እግሮች ማወዳደር አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት አለ፦ ሰስፐንሰሪ ሊጋመንት በተፈጥሮው የጡንቻና የስብ ክሮች የተቀላቀሉበት ስለሆነ፣ በተለይ በላይኛው ክፍሉ፣ ጤነኛው ቦታ ራሱ በምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሊታይና ቁስል ሊመስል ይችላል። የቅርንጫፉ ውፍረት በቁጥር ተለክቶ ይመዝገብ፤ «ደህና ይመስላል» የሚል ቃል ከሁለት ወር በኋላ ከምንም ጋር አይወዳደርም። ከዚህ ጋር ራጅ መነሣቱን አጥብቄ እመክራለሁ። የቅርንጫፍ ጉዳት ሴሳሞይድ አጥንቱ ሊጋመንቱ ከሚተከልበት ቦታ ተቆንጥሮ ከመነሣት፣ እንዲሁም ከጎን ካለው ቀጭን አጥንት የታችኛ ጫፍ መሰበር ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ሳይታወቅ ስለ ጊዜ ሰሌዳ መነጋገር ከንቱ ነው። የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ራሱ ፈሳሽ ቋጥሮ ከተገኘ ደግሞ የተበጠሰው ቦታ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ተከፍቶ እንደሆነ መጣራት አለበት፤ እንዲያ ያለው ጉዳት በዕረፍት ብቻ አይድንም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እርምጃዎች፣ ማለትም ማቀዝቀዝ፣ ፋሻና ፀረ-ብግነት መድኃኒት፣ ለአሁኑ ሁኔታም በከፊል ያገለግላሉ፤ ምክንያቱም ከሶምሶማው በኋላ የመጣው ማነከስ አዲስ ብግነት መኖሩን ያሳያል። ለጥቂት ቀናት እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማቀዝቀዝ ጥሩ ነው። ፋሻ እብጠትን ይገታል፤ ከሥሩ በቂ ጥጥ ተደርጎ፣ እኩል ተጠብቆና በየቀኑ ተፈትቶ መታሰር አለበት፤ ነገር ግን የፈረስን ክብደት ተሸክሞ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይሰምጥ የሚያደርግ ፋሻ የለም። ለልምምድ የሚታሰሩት የእግር መከላከያዎችም ከግጭት ያድናሉ እንጂ ሊጋመንቱን አያሳርፉም። እንደ ፌኒልቡታዞን ያሉ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ሐኪሙ በወሰነው መጠንና ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሰጡ፤ ሲበዙ ወይም ሲረዝሙ ጨጓራንና አንጀትን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ከሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት ጋር በአንድ ላይ መስጠትም አደገኛ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ፈረሱ መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ «ዛሬ አላነከሰም» ብሎ ሥራ መጨመር አይገባም፤ ያላነከሰው መድኃኒቱ ስላደነዘዘው ነውና።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። ከፈረሱ ከራሱ ደም ተዘጋጅቶ በፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ በሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ የበለጸገው ፈሳሽ ለቁስል መዳን የሚረዱ የእድገት ንጥረ ነገሮችን ይይዛል፤ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጥታ ወደ ክፍተቱ ይወጋል። ከአጥንት መቅኔ ወይም ከስብ የሚወሰዱ ስቴም ሴሎችም፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጡ የሚችሉ ሕዋሳት፣ ለተመሳሳይ ዓላማ ይውላሉ። እኔ ሕክምናውን አልቃወምም፤ በትክክል ክፍተት ያለበት፣ ከጊዜ አንጻርም ገና ትኩስ የሆነ ቁስል ሲገጥመኝ ራሴ አዝዘዋለሁ። የሚጠበቅበት ጥቅም ግን ጠባሳው የተሻለ ጥራት እንዲኖረውና ዳግመኛ የመጎዳት ዕድሉ እንዲቀንስ ማገዝ ነው እንጂ ወራትን መቀነስ አይደለም፤ የተወጋም ያልተወጋም ፈረስ የሚሄድበት የማገገሚያ መንገድ ርዝመቱ አንድ ነው። የጥናት ማስረጃውም የሕክምናውን ዝና ያህል ጠንካራ አይደለም፤ ዝግጅቱ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ስለሚለያይ ውጤቶቹን ማነጻጸር ያስቸግራል። በፈረስዎ ላይ ደግሞ ስድስት ሳምንት ስላለፈ ክፍተቱ በአዲስ ኮላጅን ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ተሞልቶ ከሆነ መርፌው የሚገባበት ቦታ የለውም፤ በግድ ሲገባም የተሞላውን ይቀድዳል። አዲሱ ምስል ባዶ ክፍተት ካሳየ ይወጋ፤ ካላሳየ ገንዘቡን ለተደጋጋሚ አልትራሳውንድ ያቆዩት። ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለው ብርቱ ፀረ-ብግነት መድኃኒት ወደ ቅርንጫፉ ውስጥ እንዲወጋ ግን አይፍቀዱ፤ ሕመሙን ፈጥኖ ያስታግሣል፣ የኮላጅኑን መሠራት ግን ያዳክማል፤ ለውድድር የቸኮለ ባለቤት በቀላሉ የሚሳብበት ወጥመድም ነው።

ሾክዌቭ የሚባለው የግፊት ሞገድ ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሊጋመንቱ ከአጥንት ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች ላይ ላለ ጉዳት ይበልጥ ይመረጣል፤ በፈረስዎ ላይ እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ዋና ሕክምና አላየውም። ከተሰጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቦታውን ስለሚያደነዝዝ በእነዚያ ቀናት እንቅስቃሴ መጨመር ክልክል ነው።

በጋለ ብረት መተኮስን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አያስተኩሱ። ሐሳቡ በዝግታ የሚድነውን ቁስል አቃጥሎ እንደ አዲስ ደም እንዲጎርፍበት ማድረግ ነበር። የሚቃጠለው ግን ቆዳውና ከቆዳው ሥር ያለው ነው፤ የሊጋመንቱን ክሮች የተሻለ የሚያደርግ ነገር አልተገኘበትም፤ ፈረሱን በከንቱ ማሠቃየት ነው። ከተተኮሱት ፈረሶች አንዳንዶቹ የዳኑት ከተተኮሱ በኋላ ለብዙ ወራት ሥራ ስላልሠሩ ነው፤ ምስጋናው ግን ለብረቱ ተሰጠ። ቆዳን የሚያቃጥሉ ቅባቶችም ከዚህ አይለዩም።

ዓመት ሙሉ መስክ ላይ መተው ከመተኮስ የተሻለ፣ ከሥርዓት ካለው ማገገም ግን ያነሰ ምርጫ ነው። ይህን የሚመክሩ ሰዎች ጊዜ ያስፈልጋል ማለታቸው ትክክል ነው። የሚስቱት ጊዜ ብቻውን ይበቃል ማለታቸው ላይ ነው፤ ክሮቹ በጭነቱ አቅጣጫ የሚሰለፉት ጭነት ሲኖር ነው፤ ጭነቱም ትንሽ፣ ተደጋጋሚና በየጊዜው የሚጨምር መሆን አለበት። ሙሉ በሙሉ የቆመ ፈረስ ሊጋመንት ደካማ ሆኖ ይድናል፤ እንዳሻው የሚፈነጥዝ ፈረስ ሊጋመንት ደግሞ በዳነ ቁጥር ይበጠሳል። ለመራቢያ ብቻ የሚቀር ፈረስ ወይም በየቀኑ የሚያራምደው ሰው የሌለው ባለቤት ከሆነ ጠበብ ያለ ደልዳላ ግቢ ውስጥ ረጅም ዕረፍት መስጠት ይቻላል። መሰናክል እንዲዘልልዎ ለሚፈልጉት ፈረስ ግን አይመጥንም።

የሚመጥነው ይህ ነው። አዲሱ ምስል ቁስሉ እንዳልሰፋ ካሳየና በእርምጃ ላይ የማያነክስ ከሆነ ፈረሱ ወደ ጋጣው ይመለስና በእጅ እየተሳበ በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ጠንከር ባለ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ቀጥ ባለ መስመር ይራመድ። በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ እየተጨመረ 30 ደቂቃ እስኪደርስ ይቀጥላል። ጥልቅ አሸዋና ጭቃ ቁርጭምጭሚቱን የበለጠ ስለሚያሰምጡና እግሩን ስለሚያጣምሙ ይወገዱ፤ በረጅም ገመድ በክብ ማዞር ደግሞ እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ድረስ ፈጽሞ አይታሰብ። ከ8 ሳምንት በኋላ አልትራሳውንዱ ይደገማል። ምስሉ መሻሻል ካሳየ በኮርቻ ላይ ተቀምጦ በእርምጃ ብቻ መሄድ ይጀመራል፤ በእርምጃ ጊዜ የጋላቢው ክብደት የሚጨምረው ጭነት ፈረሱ በእጅ ተይዞ ድንገት ቢፈነጥዝ ከሚያመጣው ያነሰ ነው፤ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ መምራትም ይቀላል። ሶምሶማ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ወር ካለፈ፣ በቀን በ5 ደቂቃ ነው፤ እሱም በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን በእርምጃ መሀል ተከፋፍሎ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨመራል። ለዘብ ያለ ግልቢያ ሌላ አልትራሳውንድ ሳይታይ አይጀመርም፤ ያም ከስድስተኛው ወር በፊት እምብዛም አይደለም። ዝላይ ከሁሉ ኋላ ይመጣል። ወራቱ የሚቆጠሩትም መጀመሪያ ከተጎዳበት ቀን ሳይሆን ከአዲሱ ምርመራ ቀን ጀምሮ ነው፤ መስክ ላይ ያለፉት ሳምንታት አይታሰቡም።

በየደረጃው መሸጋገርን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ብቻ አይደለም። እግሩን በየማለዳው፣ ፈረሱ ከጋጣ ሳይወጣ፣ በራስዎ እጅ ይመርምሩ። በመጀመሪያ በእጅዎ ጀርባ የሁለቱን እግሮች ሙቀት ያወዳድሩ። ቀጥሎ እግሩን አንሥተው ቁርጭምጭሚቱን አጠፍ ያድርጉት፤ በስተኋላ ያሉት ቴንደኖች ሲላሉ ከቅልጥሙ አጥንት ጋር ተጠግቶ የሚወርደውን ቅርንጫፍ ከሴሳሞይዱ ጥቂት ከፍ ብሎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይይዙታል፤ ጤነኛው ዳሩ የተለየና ጠንካራ ጠፍጣፋ ገመድ ሆኖ ይሰማል፤ የተጎዳው ወፍራም፣ ዳሩ ያልለየ፣ በብግነት ጊዜም ለጣት ልስልስ የሚል ነው። በተመሳሳይ ግፊት የቀኙን እግር ቅርንጫፍ ይጫኑ። ጠንከር ሲሉበት እግሩን የሚነጥቅ ጤነኛ ፈረስም ስላለ መነጠቁ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ በአንደኛው እግር ነጥቆ በሌላው ካልነጠቀ ግን ማስረጃ ነው። ምርመራው በማግስቱ ማለዳ እንዲሆን የምለው የትናንቱ ሥራ መብዛቱን እግሩ ወዲያው ሳይሆን ካደረ በኋላ ስለሚናገር ነው፤ የእርስዎም ፈረስ ያነከሰው በማግስቱ ነበር። ሙቀት፣ ውፍረት ወይም ማነከስ ከተመለሰ ሥራውን ያቁሙና ሐኪሙን ይጥሩ፤ ሐኪሙ ካየው በኋላ ቢያንስ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሳል።

ጋጣ ውስጥ የሚከርም ፈረስ የራሱ አደጋዎች አሉት። ሥራው ሲቆም እህሉ በዚያው ቀን ይቀነስ፤ ድርቆሽ ግን እንዳያልቅበት፤ ብዙ ጊዜ በትንሽ በትንሹ መብላቱ አንጀቱንም መንፈሱንም ያረጋጋል። ከእንቅስቃሴ ወደ መቆም በድንገት መሸጋገር አንጀቱን ሊያደርቀው ስለሚችል የሚጠጣውን ውኃና የፋንድያውን መጠን በየቀኑ ይመልከቱ። ሲወጣ የሚፈነጥዝ ከሆነ አንድ ጊዜ በኋላ እግሩ ቆሞ መውደቁ የሁለት ወር ድካም ሊያጠፋ ይችላልና ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪሙ ማረጋጊያ ቢያዝለት አያፍሩበት። አሴፕሮማዚን ለዚህ በሰፊው ይሰጣል፤ በተለይ በድንጉላ ፈረስ ላይ ብልቱ ወጥቶ ሳይመለስ የሚቀርበት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ጉዳት ስላለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ሰኮናው ችላ ከተባለ የቀረው ሁሉ ይባክናል። የሰኮናው ፊት ረዝሞ ተረከዙ ካጠረ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ፣ ቅርንጫፉ በእያንዳንዱ እርምጃ ይወጠራል። በየ5 ወይም በየ6 ሳምንቱ ይከርከም፤ ተረከዙ ከበስተኋላ በቂ ድጋፍ ያግኝ። በተጎዳው ጎን በኩል ሰፋ ያለ ብረት ያለው ጫማ ያ ጎን ለስላሳ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ስለሚያግዝ ለቅርንጫፍ ጉዳት ይጠቅማል፤ የሚመርጡት ሐኪሙና ጫማ የሚያበጀው ባለሙያ ምስሉን አብረው አይተው ይሁን። ከተረከዙ ሥር ሽብልቅ አስገብቶ ከፍ ማድረግ ግን ለሌላ ጉዳት፣ ሰኮናውን ለሚያጥፈው ጥልቅ ቴንደን፣ የሚታዘዝ ነው፤ እዚህ ጭነቱን ወደ ሰስፐንሰሪው ሊያዞረው ስለሚችል አይደረግ።

ሕክምናው የማያልፈው ወሰን አለ። ቅርንጫፉ ከዳነ በኋላም ውፍረቱ ለዘለቄታው ሊቀር ይችላል፤ ሳያነክስና ምስሉ ሳይለዋወጥ ከቆየ ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የቅርንጫፍ ጉዳት ዳግመኛ የመመለስ ጠባይ አለው፤ በዚያው እግር ሁለተኛ ጊዜ ከተጎዳ ለከፍተኛ ዝላይ መመለሱን አልመክርም፤ ለእርምጃና ለቀላል ግልቢያ ግን ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። እንዲሁም ያለ ግልጽ ምክንያት ቀስ በቀስ የሁለት ወይም የአራት እግሮች ቁርጭምጭሚት እየሰመጠ ከሄደ ጉዳዩ የአንድ ቀን ጉዳት ሳይሆን ሊጋመንቱን በጠቅላላ የሚያዳክም ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እሱ በማገገሚያ ሥራ አይድንም፤ እንዲያውም ይባባሳል። ከጥያቄዎ እንደምረዳው ፈረስዎ ከዚህ ውስጥ የለም፤ ሆኖም ሐኪሙ አራቱንም እግሮች በዚያው ቀን ቢዳስስ ይመረጣል።

እንግዲህ የማዝዘው ይህ ነው፦ ሶምሶማውን ያቁሙ፤ ፈረሱን ዛሬ ከመስክ ያስገቡ፤ በዚህ ሳምንት የሁለቱንም የፊት እግሮች አልትራሳውንድና የቁርጭምጭሚቱን ራጅ ያስነሡ፤ የመርፌውን ውሳኔ ምስሉ ላይ ክፍተት መኖር አለመኖሩን አይተው ብቻ ይወስኑ፤ ከዚያ የእርምጃውን ሥራ ከ10 ደቂቃ ይጀምሩ። ለውድድሩ የተመዘገበውን ስም አሁኑኑ ያሰርዙ፤ የውድድሩ ቀን ተመዝግቦ እስካለ ድረስ በሦስተኛው ወር ላይ ምስሉን ሳይጠብቁ ሶምሶማ ለመጀመር ይፈተናሉ። የመጀመሪያውን ዝላይ የሚያስቡበትን ወር ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገሩት ፈረሱ ቀጥ ባለ መስመርም፣ ሰፋ ባለ ክብም፣ በጠንካራውም በለስላሳውም መሬት ያለ ምንም መድኃኒት ሳያነክስ ግልቢያውን ለበርካታ ሳምንታት ከቀጠለና የመጨረሻዎቹ ሁለት ምስሎች ተመሳሳይ ሆነው ከተገኙ በኋላ ነው።